የጂንካው ዳኛና የተሰቀለው ዋሽንተኛ

ወንድይፍራውን ጂንካ ውስጥ የማያውቀው የለም። ማወቅ ግን ማክበር አይደለም። በአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ዳር ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፍቶ፣ እጁን ከጀርባው አጣምሮ ሲንጎራደድ የምታዩት፣ ሜዳው ላይ የሚግጡትን ከብቶች ሊጎበኝ የመጣ እንግዳ የሚመስለው እሱ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የወደደው አንድ ነገር ብቻ ነው። የወደደውም ድንጋይ ነው። የሕይወቱን ነገር ልጽፍ የተነሣሁትም ስለ ወደደ ነው፤ ፍቅር ሰውን ሲያለመልም እንጂ እንዲህ ሲያደርቅ ሌላ ቦታ አይቼ አላውቅም።

የተወለደው እዚሁ ነው። አያቱ ከሰሜን መጥተው የቀሩ ናቸው። እናቱ እትዬ አሰገደች ግን የጂንካ ጭቃ፣ የጂንካ ዝናብ ናቸው። የአገሬውን አሪኛ ከአማርኛው እኩል ያወሩታል፤ ገበያ ሲወጡ ከየመንደሩ የመጣችውን ሴት ሁሉ በስሟ ጠርተው ልጆቿን ይጠይቋታል። ልጃቸው ግን ገና ከትንሽነቱ “እኛ ከዚህ አይደለንም” የሚል አመል ነበረበት። “ታዲያ ከየት ነህ?” ሲሉት አያውቀውም። ብቻ ከዚህ አይደለም።

ደርግ በወደቀ ማግስት፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሶ ሥራ ፈትቶ ሲዞር፣ ፈረንጅ ወደ ኦሞ መጉረፍ ጀመረ። እንግሊዝኛው ደህና ስለነበረ አስጎብኚ ሆነ። አርቦሬ ይወስዳቸዋል፣ ኮልቾ ይወስዳቸዋል። ኮልቾ ላይ፣ ኦሞ ከታች እንደ ተጣለ መቀነት ተጠማዝዞ በሚታይበት ገደል አፋፍ፣ ገላውን በነጭ አፈር ያስጌጠ ወጣት ያቆምና ያዝዝ ነበር።

“እንደ ሐውልት ቁም! እንዳትነቃነቅ!”

“ዝንብ አረፈብኝ” ይለዋል ወጣቱ።

“ሐውልት ዝንብ አይሰማውም።”

“እንግዲያው ሐውልቱን አምጣና አቁመው። እኔ ከብቶቼ እየጠበቁኝ ነው” ብሎት አንዱ ጥሎት ሄዷል። ወንድይፍራው ይህን እንደ ቀልድ አድርጎ ለዓመታት አወራው። ቀልዱ በማን ላይ እንደሆነ ግን አልገባውም።

ከእነዚያ እንግዶች አንዷ፣ ጡረታ የወጣች የታሪክ መምህርት፣ ስትሰናበተው የግድግዳ ካላንደር ሰጠችው። በየወሩ አንድ የጥንት ግሪኮች የእብነ በረድ ሥራ ያለበት ነው። ሌሎቹን ወራት ገልጦ አለፋቸው። አንዱ ላይ ሲደርስ ግን ቆመ። በቃ፣ እንደቆመ ቀረ።

ሥዕሉን እኔም አይቼዋለሁ። እጆቹ ከራሱ በላይ ታስረው ግንድ ላይ የተንጠለጠለ ሰው ነው። እግሮቹ መሬቱን ይፈልጉታል፤ አያገኙትም። የጎድን አጥንቶቹ አንድ በአንድ ይታያሉ፣ ሆዱ ወደ ውስጥ ሰርጉዷል፣ ፊቱ ደግሞ ጮኾ ጮኾ ድምፁ ያለቀበት ሰው ፊት ነው። ድንጋይ መሆኑን እያወቃችሁ፣ ውሃ አምጡለት የሚል ቃል ከአፋችሁ ሊያመልጥ ይደርሳል። እውነቱን ለመናገር ያምራል። ክፉነቱም እዚህ ላይ ነው፤ እንዲህ ያማረ ነገር እጁ ባይገባ ኖሮ ወንድይፍራው እንደ ማንኛችንም ተራ ሰው ሆኖ ይኖር ነበር።

ወረቀቱን ቀዶ ሳሎን ውስጥ ለጠፈው። በማግስቱ ጠዋት እትዬ አሰገደች ነጠላቸውን አጣፍተው ሲሳለሙት አገኛቸው።

“የትኛው ሰማዕት ነው ልጄ?”

“ሰማዕት አይደለም እማዬ። ማርሲያስ ነው የሚባለው። የግሪኮች ተረት ነው።”

“ታዲያ ምን በድሎ ነው እንዲህ የሰቀሉት?”

“ዋሽንት ነፍቶ።”

“ዋሽንት ነፍቶ ብቻ?”

ልጅየው ተቀመጠና ተረከላቸው። አቴና የምትባል የግሪኮች አምላክ ዋሽንት ሠርታ ስትነፋ፣ ጉንጯ ሲያብጥ በውሃው ውስጥ አየችውና አፍራ ወረወረችው። ማርሲያስ የጫካ ሰው ነው፣ ጆሮው እንደ ፍየል ሾጠጥ ያለ። ዋሽንቱን አንሥቶ ቢነፋው ዛፉም አውሬውም ጸጥ አለለት። እሱም ጠገበና የዜማውን አምላክ አፖሎን “ና፣ እንወዳደር” አለው። አፖሎ በገናውን ደረደረ፣ ማርሲያስ ዋሽንቱን ነፋ፤ ዳኞቹ ማን እንደበለጠ መለየት አቃታቸው።

“ያኔ አፖሎ ምን አለ መሰለሽ? እኔ እየደረደርኩ እዘፍናለሁ፤ እስቲ አንተም እየነፋህ ዝፈን!”

“እንዴት አድርጎ? አፍ አንድ አይደል እንዴ?”

“እሱ እኮ ነው ነገሩ! ተሸነፈ። አፖሎም ግንድ ላይ ሰቅሎ ከነነፍሱ ቆዳውን ገፈፈው።”

እትዬ አሰገደች ወረቀቱን ቀና ብለው አዩት። “ይሄማ ማጭበርበር ነው።”

“ብልሃት ነው እማዬ! አምላክ ነው እኮ!”

“አምላክ ከፈጠረው ጋር ዋሽንት አይወዳደርም። እንዲህ የሚያደርገው የወረዳ ሹም ነው” አሉና ወደ ጓዳ ገቡ።

የወንድይፍራውን ማንነት ከዚህ በላይ የሚገልጠው የለም። ያ የተሰቀለ ገላ ልቡን እየበላው፣ በተረቱ ውስጥ ግን ሁልጊዜ ከሰቃዩ ጋር ይቆማል። ቁስሉን ይወዳል፣ ቁስለኛውን ይንቃል። በኋላ ባህልን የሚመለከት አንድ መሥሪያ ቤት ሲቀጠር ወረቀቱን በመስታወት አሠርቶ ከወንበሩ ራስጌ ሰቀለው። ለጉዳይ የመጣ ሁሉ ጉዳዩ ሳይነገር ተረቱን ይሰማል። ምኞቱንም ይሰማል፤ በግሪኮቹ እጅ የተሠራው ዋናው እንደጠፋ፣ በኋላ ከተገለበጡት አንዱ ኢስታንቡል ሙዚየም እንደቆመ፣ ሳይሞት እፊቱ ቆሞ ማየት እንደሚፈልግ። “እሱን ካየሁ በኋላ ብሞት አይቆጨኝም” ይል ነበር። የሚቆጨው ሌላ ሰው ይኖር እንደሆነ አልተናገረም።

አሁን ዶላሞን ላምጣው። ዶላሞ ከጂንካ በላይ ካለው የአሪ ደጋ የሚወርድ ገበሬ ነው፤ ከወንድይፍራው ጋር በዕድሜ ይቀራረባሉ። የአሪ ዋሽንት ለብቻው ዋሽንት አይደለም። ቀርከሃው አጭርና ረጅም ሆኖ ይቆረጥና ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ይደርሰዋል፤ አንዱ ቀርከሃ ያለው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። አንዱ ትንፋሹን ሲለቅ ሌላው ይቀበለዋል፣ ያኛው ለሚቀጥለው ያቀብላል፣ ነፊዎቹም እየረገጡ ይዞራሉ። ዜማው በማንም አፍ ውስጥ አያድርም፤ ቤቱ በሰዎቹ መካከል ያለው አየር ነው። ከደጋ ሲወርዱ፣ ጉሙ ገና ከጫካው ሳይነሣ፣ ሰዎቹ ሳይታዩ ዜማው ቀድሟቸው ሲመጣ የሰማ ሰው፣ ያን ቀን ክፉ ቃል ከአፉ አይወጣም። የዶላሞ ቀርከሃ ከሁሉ ረጅሙ ነበር፤ የሁሉም ድምፅ የሚያርፍበት መሬት እሱ ነው።

ትሑት ግን አልነበረም፤ ትሑት ነበር ብዬ አላስውበውም። ገበያ መሃል ደረቱን እየመታ “ከእኛ ዋሽንት የሚበልጥ ካለ ይምጣ! ከሰማይም ቢሆን ይምጣ!” ሲል ብዙ ሰው ሰምቶታል። ወንድይፍራውም ሰምቶታል። ሰምቶም ፈገግ ብሏል።

በ2005 ዓ.ም. ኢስታንቡል ላይ ለሚደረግ የባህል ሙዚቃ ድግስ ግብዣ መጣ። ወንድይፍራው የከተማዋን ስም ሲያይ ደብዳቤውን ደግሞ ደጋግሞ አነበበው። ጋባዦቹ ምርጫ ሰጥተዋል፤ ወይ አንድ ሙዚቀኛ ከነሸኚው ይምጣ፣ ወይም ቡድን ከሆነ ቡድኑ ብቻ ይምጣ፣ የቋንቋ ሰው እነሱ ያዘጋጃሉ። ሸኚው እሱ ነው። ዳኛውም እሱ ነው። ዶላሞና ጓደኞቹ ካሸነፉ ወንድይፍራው ጂንካ ይቀራል፤ አንድ ሰው ካሸነፈ ወንድይፍራው እብነ በረዱ ፊት ይቆማል። ያለው ይኸው ብቻ ነው። ልጅ አይስተውም።

የተሰቀለውን ዋሽንተኛ ለማየት ሲል ዋሽንተኛ ሰቀለ። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

ውድድሩ በአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ላይ ነበር። ሳሩ ዝናብ ጠጥቶ አረንጓዴነቱ ዓይን ይወጋል። ከተማው በሙሉ ወጥቷል። እትዬ አሰገደች ጥቁር ጃንጥላቸውን ዘርግተው ከፊት ተቀመጡ። ዶላሞና ባልንጀሮቹ ቀርከሃቸውን በቅቤ አሽተው፣ ጎህ ሳይቀድ ከደጋ ወርደው መጥተዋል። ሌላው ተወዳዳሪ ሚልክያስ ነው፤ ወላጆቹ ከወላይታ መጥተው እዚህ በሸማ ሥራ ያደሩ፣ በመዘምራንና በሠርግ ኪቦርድ የሚጫወት፣ ሰው ቀና ብሎ የማያይ ጨዋ ልጅ። ጄኔሬተሩ ከጎኑ ተቀምጧል።

ወንድይፍራው ድምፅ ማጉያውን ያዘ። “ተወዳዳሪ የሚቀርበው ለየብቻው ነው። አንድ ሰው፣ አንድ መሣሪያ።”

ሜዳው አጉረመረመ። ዶላሞ ወደ ፊት ወጣ። ዶላሞ አንቱ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ቋንቋው ውስጥ ስለሌለ ማንንም አንተ ይላል።

“አንተ ወንድይፍራው፣ እኛ አንድ ነን። ሁላችን አንድ ዋሽንት ነን።”

“መመሪያ ነው ዶላሞ። ብቻህን ንፋ።”

ዶላሞ ጓደኞቹን ዞሮ አያቸው። ከዚያ ረጅሙን ቀርከሃ አነሣና ነፋ። ቡፍ። አንድ ድምፅ። ጠበቀ። የሚቀበለው የለም። ቡፍ አለ ደግሞ።

“አባባ፣ መኪና ነው እንዴ የምታስነሣው?” አለ አንዱ የባጃጅ ሹፌር፤ ሜዳው በሳቅ ተናጋ።

“አንተ የምትስቀው” አለው ዶላሞ፣ “የቤትህን አንዱን ምሰሶ ነቅዬ ባሳይህ ቤት ይመስልሃል?”

ሳቁ ወደ ሹፌሩ ዞረ። ወንድይፍራው ግን አልጨረሰም። “ግጥሙስ የታለ? ግጥም ነጥብ አለው። እየነፋህ ዝፈን!”

“አፍ አንድ ነው!” አለ ዶላሞ፣ ከንፈሩን በጣቱ እያሳየ።

“እንግዲያው ነጥብ የለም።”

ይህን ሲል ፊቱ አልተለወጠም። ለፈረንጅ፣ ለተማሪ፣ ለባለጉዳይ፣ ሃያ ዓመት ሲያወራው የኖረውን ቃል ከአፉ አውጥቶ ሰው ላይ ሲያሳርፈው፣ ይህን ነገር የሆነ ቦታ ሰምቼው ነበር እንኳ አላለም። ሰው ክፉ ሲሆን ያስፈራል። ክፉ መሆኑን የማያውቅ ሰው ግን ያስጠላል፤ እግር ላይ እንደሚጣበቅ ጭቃ።

ሚልክያስ ተጠራ። አንዲት ቁልፍ ተጫነ፤ ኪቦርዱ የዋሽንት ድምፅ አወጣ። ከሣጥን የሚወጣ፣ እስትንፋስ የሌለው ዋሽንት። የአሪዎቹን ዜማ በአንድ እጁ እየተጫወተ ዘፈነ። ድምፁ ጥሩ ነው፤ አልዋሽም። ዓይኑን ግን ከቁልፎቹ ላይ አላነሣም። ሲጨርስ ወደ ዶላሞ ሄዶ ጎንበስ አለና “ይቅርታ አባባ” አለው። ዶላሞም ትከሻውን መታ መታ አደረገው። “አንተ ምን አደረግህ? አንተ ሣጥን ተሸክመሃል።”

አሸናፊው ሲታወጅ እትዬ አሰገደች ጃንጥላቸውን አጠፉ። ሲነሡ፣ ቃሉ ከጎናቸው ለነበርነው ብቻ እስኪሰማ በለሆሳስ አንጎራጎሩ፤

“ድንጋዩን ሳማችሁ፣ ሰውን ረገጣችሁ፣
ዋሽንቱ ሲያለቅስ ወዴት ነው ጆሯችሁ?”

ልጃቸው እየሳቀ ሊስማቸው መጣ። “ተሳካ እማዬ! ላየው ነው!”

“ፍርዱንማ ሰማሁ” አሉት። “ቢላውን መቼ ነው የምታወጣው?”

እሱ ሳቀ። እናቴ ቀልደኛ ናት አለ ለጓደኞቹ።

የተረቱ ሰዎች ለማርሲያስ ሲያለቅሱለት እንባቸው ወንዝ ሆነ ይላሉ። የኛዋ ወንዝ ነሪ ያን ቀን ከወትሮዋ አንድ ጣት አልሞላችም። አሪዎቹ ቀርከሃቸውን በብብታቸው ይዘው፣ ሳይነፉ፣ ዳገቱን ወጡ። ወደዚያ ደጋ ያለ ዜማ ሲመለሱ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

ኢስታንቡል የሆነውን የነገረኝ ሚልክያስ ነው። ጋባዦቹ ኪቦርዱን ሲያዩ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ ጨዋዎች ስለሆኑ አጨበጨቡ። በማግስቱ ወንድይፍራው ልጁን ይዞ ሙዚየም ገባ። እብነ በረዱ ፊት ሲደርስ ኮፍያውን አወለቀ፣ እንባው በጉንጩ ወረደ። “ወይኔ፣ ወይኔ ወንድሜ” ይል ነበር፣ ለድንጋዩ። ከዚያ ፊቱን ጠረገና “ከፊት ሆነህ አንሣኝ፤ እንባው እንዲታይ አድርገህ” አለው።

ሲመለስ አቀባበል ይደረግልኝ አለ። በአንድ አዳራሽ ወንበር ተደረደረ፣ ፎቶው በር አክሎ ታትሞ ተሰቀለ፤ ወንድይፍራው ከፊት፣ ማርሲያስ ከኋላ። ለፕሮግራሙ ማድመቂያ ተብሎ ማን ቢጠራ ጥሩ ነው? እነ ዶላሞ! አሁን ሁሉም ይምጡ ተባለ፤ አሁን መመሪያው የለም። እነሱ ግን የመጡት እትዬ አሰገደች ሰው ልከው ስለለመኗቸው ነው። “ለሱ ብላችሁ አይደለም፤ ለኔ ብላችሁ” ብለዋቸዋል።

ወንድይፍራው ተረቱን ጀመረ። ያቺን ያበጠች ጉንጭ፣ ያንን የተጣለ ዋሽንት፣ ውድድሩን፣ “እየነፋህ ዝፈን”ን። ሰዉ ዞር ዞር እያለ ዶላሞን ማየት ያዘ። ተናጋሪው ብቻ አላየም። ቆዳው ሲገፈፍ ላይ ሲደርስ መሐረብ አወጣ። እውነተኛ እንባ ነበር። ይህን እንባ ባላይ ኖሮ ምናልባት አዝንለት ነበር።

ዶላሞ ተረቱን ሲሰማ የመጀመሪያው ነው። ከመቀመጫው ተነሥቶ ወደ ፎቶው ሄደ። የታሰሩትን እጆች አየ፣ እግሮቹን አየ፣ ከግንዱ ኋላ ያለ ነገር የሚፈልግ ይመስል አንገቱን አሰገገ።

“አንተ ወንድይፍራው፣ ይሄ ዋሽንት የነፋው ሰውዬ ነው?”

“አዎ፣ እሱ ነው።”

“ያ ዳኛው የታለ?”

“ዳኛው?” ወንድይፍራው መሐረቡን አጠፈ። “ዳኛው… እዚህ ላይ የለም። አልተቀረጸም።”

ዶላሞ ወደ ፎቶው ዞረ። “ልክ ናቸው” አለ። “ለሱ ድንጋይ አላባከኑም።”

ዶላሞ ለባልንጀሮቹ በአሪኛ አንድ ቃል ተናገረና ቀርከሃቸውን አንሥተው ወጡ። እትዬ አሰገደች ተከተሏቸው። ከዚያ ሚልክያስ ተነሣ፣ ከዚያ የባጃጁ ሹፌር፣ ከዚያ ወንበሩ ሁሉ። ሜዳው ላይ፣ ከብቶቹ መሃል፣ አንዱ ነፋ፣ ሌላው ተቀበለው፣ ከሁሉም ሥር የዶላሞ ረጅም ቀርከሃ መሬቱን አነጠፈ። እኔ ያን ቀን የሰማሁትን በቃል አልመልሰውም። እትዬ አሰገደች ጃንጥላቸውን እንደ በትር ይዘው እየረገጡ ሲዞሩ፣ ፀሐይ ከደመናው ሥር ወጥታ ጠላቂ ብርሃኗ ሁሉንም ወርቅ ሲቀባቸው፣ ሐውልት ይመስሉ ነበር ማለት አልፈልግም። ሰው ይመስሉ ነበር።

ወንድይፍራው በአዳራሹ በር ቆሞ ሰዓቱን ያይ ነበር፤ ፕሮግራሙ ላይ ገና ንግግር ይቀረው ነበር።

አፖሎ እንኳ በኋላ ተጸጽቶ የበገናውን ጅማት በጣጥሷል የሚሉ አሉ። የኛው ሰው ምንም አልበጠሰም። መሥሪያ ቤቱን ለቆ ፎቶውን ሳሎኑ ሰቅሏል። እትዬ አሰገደች ካረፉ ወዲህ እፊቱ የሚቆም የለም፤ እሱ ራሱ ብቻ። በየሠርጉም ይጠራል፤ ጂንካ ሰው አትጥልም። ያን ዓመት ማን እንዳወጣው ያልታወቀ አንድ ግጥም እስካሁን በየሠርጉ ይዘፈናል፤

“ዳኛው ፈረደና ወንበሩ ላይ ቀረ፣
የተፈረደበት ድንጋይ ሆኖ ኖረ።”

ሴቶቹ ይህን ሲያወጡ ዓይናቸው ወደ እሱ ጠረጴዛ ይሄዳል። እሱ ከሁሉ ቀድሞ ያጨበጭባል። ባለፈው ጥር እንዲያውም ከጎኑ ለተቀመጠው እንግዳ ጠጋ ብሎ፣ “ይሄ የኛ አገር ግጥም እኮ ጥልቅ ነው። ተቀርጾ መቀመጥ አለበት” ሲለው በጆሮዬ ሰማሁት።